ደረጃና ቁልቁለት በሰው ሠራሽ ጉልበት፦ ከልምዴ ያገኘሁት

ደልዳላ ወለል ላይ መሄድ የሰው ሠራሽ እግር ትምህርት ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ደረጃ ላይ፣ አቀበት ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። እኔ እግሬን ያጣሁት ከጉልበቴ በላይ ነው፤ ስለዚህ የራሴ ቁርጭምጭሚት ብቻ ሳይሆን የራሴ ጉልበትም የለኝም። ባለፉት ዓመታት ከቀላሉ ባለ መቆለፊያ ጉልበት ጀምሮ ኮምፒውተር እስከሚቆጣጠረው ድረስ በተለያዩ ሰው ሠራሽ ጉልበቶች ሄጃለሁ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ እግሩ ለተቆረጠ፣ ወይም ጉልበቱን ለመቀየር እያሰበ ላለ ሰው ነው። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው የራሱ ጉልበት ስላለው ደረጃ በብዙ ይቀልለታል፤ እዚህ የማነሳው ግን የእኛን የሌሎቹን ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው መውጣትን ነው። ለልብና ለሳንባ መውጣት እንደሚከብድ እውነት ነው። ለጉልበት ግን ትልቁ ፈተና መውረድ ነው። ጤነኛ ሰው ደረጃ ሲወርድ አስተውላችሁ ተመልከቱት። ላይኛው ደረጃ ላይ የቀረው እግሩ ሙሉ ክብደቱን እንደተሸከመ ጉልበቱ መታጠፍ ይጀምራል። ሲታጠፍ ግን አይከዳውም፤ የጭኑ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠም ቢሆን ይዞት ይቆያል፤ ሰውነቱም በልክ፣ ቀስ እያለ ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል። ደልዳላ መንገድ ላይ ክብደት የተሸከመ ጉልበት የሚታጠፈው ቢበዛ 20 ዲግሪ ያህል ነው። ደረጃ ሲወረድ ግን ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፤ አብዛኛውም መታጠፍ የሚሆነው ክብደት ላዩ ላይ ሳለ ነው።

ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ያጣው ይህንን ፍሬን ነው። የጭን ጡንቻው በከፊል ቢኖርም የሚይዘው ጉልበት የለም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ሰው ሠራሽ ጉልበት ስትጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ክብደቴን እንደተሸከመ ቀስ ብሎ መታጠፍ ይችላል ወይስ አይችልም? የሚያምር መሆኑ፣ ቀላል መሆኑ፣ ውድ መሆኑ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ የተገጠመልኝ ባለ መቆለፊያው ነበር። ስቆምና ስሄድ ቀጥ ብሎ ይቆለፋል፤ ልቀመጥ ስል መቆለፊያውን በእጄ እፈታዋለሁ። አስተማማኝ ነው፤ ጡንቻው ለደከመ ወይም ዕድሜው ለገፋ ሰው ዛሬም ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ደረጃ ላይ ግን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለቱን እግር እያገናኙ መሄድ። ቀጥሎ ያገኘሁት ባለ አራት ዘንግ ጉልበት ነው። የመዞሪያ ነጥቡ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ስለሚያርፍ ተረከዜ መሬት ሲነካ አይከዳኝም፤ እግሩ ወደ ፊት ሲወዛወዝም በጥቂቱ ስለሚያጥር የጫማዬ ጫፍ መሬት አይመታም። ደልዳላ ላይ በጣም ወድጄው ነበር። ቁልቁለት ላይ ግን መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ቀጥ ብሎ ይሸከማል፣ ወይ በአንዴ ይታጠፋል። ክብደት ሲያርፍበት በሰበቃ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሌላ ዓይነትም አለ። እርሱም ቢሆን ክብደት ካልተነሳለት አይታጠፍም፤ ደረጃ በእግር ተራ፣ ማለትም ሁለቱን እግር ሳያገናኙ እያፈራረቁ፣ ለመውረድ ደግሞ የሚያስፈልገው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ነገሩ የተለወጠልኝ ሃይድሮሊክ ጉልበት ሳገኝ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ራሱን ቀስ አድርጎ የሚዘጋ በር ላይ የሚገጠመውን መሣሪያ አስቡ። ውስጡ ዘይት ያለበት ሲሊንደርና ፒስተን አለ፤ በሩ ሲገፋው ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ስለሚገደድ በሩ በኃይል አይዘጋም። ሃይድሮሊክ ጉልበትም ክብደቴ ሲያርፍበት እንዲሁ በልክ ይታጠፋል። ይህን ሐሳብ ለእኛ ካደረሱት ሰዎች አንዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሻገረው መሐንዲስ ሃንስ ማውች ነው፤ በስሙ የሚጠራው ጉልበት ዛሬም ይሠራበታል። ኮምፒውተር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ደረጃ ግን ያወርዳል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው «ኤሌክትሮኒክስ ካልሆነ ደረጃ በእግር ተራ አይወረድም» ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ስለማይ ነው።

ኮምፒውተር ያለው ጉልበት የሚጨምረው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ኦቶቦክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሲ-ሌግ የተባለውን ጉልበት ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያ የመጀመሪያው ሲ-ሌግ በሴኮንድ 50 ጊዜ የጉልበቱን ማዕዘንና የሚያርፍበትን ጫና እየለካ የዘይቱን መተላለፊያ ያጠብና ያሰፋ ነበር። ኦሱር የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ የሚሠራው ሬዮ ደግሞ በዘይት መተላለፊያ ፋንታ በማግኔት ኃይል የሚወፍር ፈሳሽ ይጠቀማል። ለተራማጁ ልዩነቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው። በሜካኒካሉ ሃይድሮሊክ ጉልበቴ እግሩ ለመወዛወዝ የሚለቀቀው እርምጃዬን ስጨርስ በጫማዬ ፊት ላይ በደንብ ስደገፍበት ብቻ ነበር። ደልዳላ ላይ ይህ ራሱ በራሱ ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይና በአጫጭር እርምጃ ግን ሁልጊዜ አይሳካም። ኮምፒውተር ያለው ጉልበት የት እንዳለሁ ከእንቅስቃሴዬ ስለሚገምት ያንን ጭንቀት ከላዬ አነሳልኝ። እግሬ እየተወዛወዘ ሳለ ጫፉ በድንጋይ ቢደናቀፍና ክብደቴ በታጠፈው ጉልበት ላይ ቢወድቅ እንኳ ወዲያው ይጠነክርና ሚዛኔን የምመልስበት ጊዜ ይሰጠኛል።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ። ልትማሩት የሚገባው ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ሰውነታችሁ አጥብቆ የሚቃወመውም እርሱኑ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተማርነው ጉልበቱ እንዳይታጠፍ ቀሪውን ጭናችንን በማቀፊያው (የቀረው ጭን በሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል) ውስጥ ወደ ኋላ መግፋትን ነው። ደልዳላ ላይ ነፍስ የሚያድነው ይህ ልማድ ደረጃ ሲወረድ እንቅፋት ይሆናል፤ ጭናችሁን ወደ ኋላ ከገፋችሁ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ እናንተም ጠርዝ ላይ ተሰቅላችሁ ትቀራላችሁ። ያሠለጠነችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደጋግማ የምትለኝ «ጋሼ፣ አይያዙት፤ ይቀመጡበት» ነበር። እንደሚቀመጥ ሰው ክብደትን ለጉልበቱ መስጠት፣ ጭኑ ወደ ፊት እንዲሄድ መፍቀድ፣ ከዚያ ዘይቱ ሥራውን እስኪሠራ ድረስ አብሮ መውረድ። ክብደቱን በግማሽ የሰጠ ሰው የሚያገኘው የተንቀጠቀጠ ጉልበት ነው፤ በሙሉ የሰጠ ሰው ግን ለስላሳ መውረድ ያገኛል።

የጫማው አቀማመጥም ወሳኝ ነው። ተረከዙና የጫማው መካከል ደረጃው ላይ ያርፋሉ፤ የፊተኛው ክፍል ከጠርዙ ወጥቶ አየር ላይ ይቀራል። ጫማው ሙሉ በሙሉ ደረጃው ላይ ከሆነ የፊት እግሩ እየተቃወመ ጉልበቱን ቀጥ ያደርገዋል፤ በጣም ከወጣ ደግሞ ይንሸራተታል። ጠርዙ የጫማውን መካከል ሲያገኘው ቅልጥሙ በጠርዙ ላይ እየዞረ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጉልበቱም ይታጠፋል። ከጊዜ በኋላ እግሬን ሳላይ ጠርዙን በማቀፊያው በኩል በሚሰማኝ ጫና መለየት ቻልኩ፤ በጀማሪነት ጊዜ ግን በዓይን ማየት ግድ ነው። እጅ ከመደገፊያው አይለይ። መደገፊያውን ጨብጦ መጎተት ሳይሆን እጅን ከሰውነት በጥቂቱ ቀድሞ በላዩ ላይ እያንሸራተቱ መውረድ ይሻላል፤ እጁ ወደ ኋላ ከቀረ ትከሻም ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያኔ ክብደቱ ለጉልበቱ አይደርስም።

ልምምዱ የግድ ከደረጃ አይጀምርም። በየቀኑ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ክብደታችሁን በሁለቱም እግር እኩል አድርጋችሁ ተቀመጡ። አብዛኞቻችን ሰው ሠራሹን ወደ ፊት ዘርግተን በጤነኛው ብቻ እንቀመጣለን፤ በዚህም የተነሳ ጉልበቱ ሲሸከም ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ሳናውቅ እንኖራለን። ለእኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ መውደቂያዬ ወንበር ስለሆነ ፍርሃቱ አይኖርም። ከዚያ በሁለት መደገፊያዎች መካከል፣ ከዚያ ዝቅ ባለ አንድ ደረጃ ላይ፣ ከዚያ መደገፊያ ባለው ሙሉ ደረጃ ላይ፣ ሁልጊዜም አጠገባችሁ ሰው እያለ።

ሰው ሠራሹን አስቀድሞ ጤነኛውን ማስከተል፣ አንድ ደረጃ ላይ ሁለቱን ማገናኘት፣ እንደገና መቀጠል የሚባለው የአወራረድ መንገድ ምንም አያሳፍርም። ሲደክመኝ፣ ደረጃው እርጥብ ሲሆን፣ ወይም መደገፊያ ሲጠፋ እኔም የማደርገው ይህንን ነው። በዘላቂነት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ መንገድ በየደረጃው ሰውነትን ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ጤነኛው ጉልበት ብቻ ነው፤ የሁለት ጉልበት ሥራ አንዱ ይሠራል። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች የቀረው ጉልበታቸው በመገጣጠሚያ ሕመም የመጠቃት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ይታወቃል። በእግር ተራ መውረድን የምወደው ፈጣን ስለሆነ ወይም ስለሚያምር አይደለም። የቀረኝ አንድ ጉልበት እስከ እርጅናዬ እንዲያገለግለኝ ስለምፈልግ ነው። ሃይድሮሊክ ጉልበት ይገባኛል ብላችሁ ከባለሙያ ጋር ስትነጋገሩም ይህንን ምክንያት አንሱ፤ ከምቾት የበለጠ ክብደት ያለው የሕክምና ምክንያት ነው።

ስለ መውጣት የምለው አጭር ነው። አብዛኞቹ ጉልበቶች፣ ኮምፒውተር ያላቸውም ጭምር፣ ፍሬን እንጂ ሞተር አይደሉም፤ ሰውን ወደ ላይ አያነሱም። ስለዚህ ጤነኛው ይቀድማል፣ ሰው ሠራሹ ተከትሎ እዚያው ደረጃ ላይ ያርፋል። የጫማው ጫፍ በደረጃው ከንፈር እንዳይያዝ ዳሌን ከፍ ማድረግ ወይም እግሩን በጥቂቱ ወደ ጎን አዙሮ ማምጣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጂኒየም የተባለው ጉልበት እግርን በተራ እያስቀደሙ መውጣት ያስችላል፤ ሆኖም የሚያነሳው የሰውየው የዳሌ ጡንቻ ነው፤ ጉልበቱ ታጥፎ እንዳይከዳ ይይዝለታል። በሞተር የሚያነሱ ጉልበቶችም አሉ፤ ከበድ ይላሉ፣ ባትሪም በብዛት ይበላሉ። እኔ ዛሬም የምወጣው ጤነኛውን እያስቀደምኩ ነው፤ በዚህም ተስማምቼ እኖራለሁ። ያለንን አቅምና ልምምድ በቅድሚያ መውረድ ላይ ብናውል ይሻላል የሚል አቋም አለኝ።

ቁልቁለት ከደረጃ ይለያል፤ ደረጃ በየመሃሉ ደልዳላ ቦታ አለው፣ ቁልቁለት የለውም። ተረከዝ ቁልቁለቱን ሲነካ ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ወደ ታች ተዘርግቶ ጫማውን መሬት ላይ ያሳርፋል። አብዛኛው ሰው ሠራሽ እግር ግን ቁርጭምጭሚቱ ብዙም አይዘረጋም፤ ስለዚህ መሬቱ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጉልበቱም ወዲያው መታጠፍ ይፈልጋል። በባለ አራት ዘንጉ ጉልበት ቁልቁለት ያስፈራኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ሃይድሮሊክ ጉልበት ይህንን መገፋት ተቀብሎ ያለዝበዋል። እኔ የማደርገው እርምጃዬን ማሳጠር፣ ደረቴን ወደ ኋላ አለመጣል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ደረጃ ላይ እንደማደርገው ክብደቴን ሰጥቼ አብሬው መውረድ ነው። ወደ ኋላ መደገፍ በደመ ነፍስ የሚመጣ ነገር ነው፤ ነገር ግን ተረከዙ ላይ ያለውን ጫና ስለሚጨምር ያንሸራትታል። ዓይኔን ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት እጥላለሁ። ከዘራ ካለኝ የምይዘው ከሰው ሠራሹ እግር በተቃራኒው እጅ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ላይ አንድ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ፍሬን ስለሆነ ይሞቃል። ጉልበቱ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚቀበለው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ዘይቱም እየሞቀ ይሄዳል። የእኔ ጉልበት ሲሞቅ ይንቀጠቀጥና ያስጠነቅቀኛል፤ ከዚያም ራሱን ለመጠበቅ ይጠነክራል። ያን ጊዜ የሚሻለው ቆም ብሎ ማሳረፍ ነው። ባትሪው ሲያልቅም እንዲሁ ወደ ጠንካራው ሁኔታ ይመለሳል፤ ይሸከማል፣ ግን እንደ ልብ አያስኬድም። አምራቾቹ የየጉልበቱን የማስጠንቀቂያ ምልክት ለየብቻ ስለሚወስኑ የራሳችሁን ጉልበት ምልክቶች ከባለሙያው ጋር አንድ በአንድ እየሞከራችሁ ለዩ።

አቀበት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የጫማው ፊት ከፍ ስለሚል ጉልበቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ቀጥታ ይገፋዋል፤ ሰውነት ግድግዳ እንደሚገፋ ሆኖ ይሰማዋል። ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ በጥቂቱ ወደ ፊት ማዘንበልና አጭር እርምጃ ይረዳል። የጫማ ጫፍ በቀላሉ መሬት የሚመታበትም ቦታ ይህ ነው፤ ሃይድሮሊክ ቁርጭምጭሚት ያለው እግር በዚህ ረገድ ትልቅ እገዛ ይሰጣል። በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ወደ ጎን ዞሮ መሄድ ነው፤ ጤነኛው እግር ሁልጊዜ በላይኛው በኩል ይሁን። ስትወጡ እርሱ ይቀድማል፣ ስትወርዱ ሰው ሠራሹ ይቀድማል። በጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ሰው ሠራሹ በላይኛው በኩል ከሆነ እግሩ የረዘመ ያህል እየተደናቀፈ ያስቸግራል፤ የሚቻል ከሆነ የመንገዱን ዳር ቀይሩ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ማቀፊያው በደንብ ከተገጠመ ነው። ባለሙያዎች ሶኬት የሚሉት ይህ ክፍል ከላላ የዓለም ምርጡ ጉልበትም ትእዛዛችሁን አይሰማም። የቀረው ጭን በቀኑ ውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ ጠዋት የገጠመ ማቀፊያ ከሰዓት በኋላ ሊላላ ይችላል፤ በሚጨመር ካልሲ የምትሞሉ ከሆነ ደረጃ ከመጀመራችሁ በፊት አስተካክሉ። የዳሌ ጡንቻ ልምምድም ማቋረጥ የለበትም፤ ውድ ጉልበት የደከመ ዳሌን አይተካም፣ ይህን እየደበቁ ጉልበት የሚያስመርጡ ሰዎችን አልወድም። ጫማም እንዲሁ። ተረከዙ ከበፊቱ ከፍ ያለ ጫማ ማድረግ ቅልጥሙን ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ጉልበቱ ሳትፈልጉ በቀላሉ እንዲታጠፍ ያደርገዋል። የተረከዙ ቁመት ከተለወጠ አሰላለፉም መስተካከል አለበት።

የጉልበቱን የመታጠፍ ፍጥነት የሚያስተካክለው ባለሙያው ነው፤ ይህ ቅንብር ደልዳላ ክፍል ውስጥ ብቻ ከተሠራ አልተሠራም ማለት ይቻላል። በጣም ከጠነከረ ጠርዝ ላይ ቆማችሁ እስኪታጠፍ ትጠብቃላችሁ፣ ሰውነታችሁም እርሱን ለማለፍ ይጣመማል። በጣም ከላላ ደግሞ በድንገት ይጥላችኋል። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን «እባክዎ ደረጃ ላይ ያስተካክሉልኝ» በሉ፤ ዘወትር የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ የት ላይ እንደሚያስቸግራችሁ በግልጽ ተናገሩ። ለጀማሪ የሚመቸው ጠንከር ያለው ነው፤ ልምድ ሲገኝ ላላ ይደረጋል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚቀር ነገር አይደለም።

አብሯችሁ ለሚሆን የቤተሰብ አባልም የት እንደሚቆም አስተምሩት። ስትወርዱ ከእናንተ በታች፣ በሰው ሠራሹ እግር በኩል፣ አንድ ደረጃ ቀድሞ ይቁም፤ ስትወጡ ከኋላችሁ ይከተል። መያዝ ካስፈለገው ወገባችሁ ላይ ያለውን ቀበቶ እንጂ ክንዳችሁን አይያዝ። ክንድ ሲያዝ ሚዛን ይዛባል፣ መደገፊያውን የያዘው እጅም ነፃ አይሆንም።